ሰው አይኖርበትም ስለተባለው ስለ ቆስቡላቅ መንደር

ለክቡር አቶ ቶክታሲን፣
የሳተላይት ማስወንጨፊያው ጽሕፈት ቤት ዋና ኃላፊ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ የጤናዎን መሟላት፣ የሥራዎን መቃናትና የወንበርዎን መጽናት እመኛለሁ። የእኛን ደህንነት ግን ልጽፍልዎ ፈራሁ፤ እርስዎ በቴሌቪዥን ቀርበው የለም ያሉት ሰው ብቅ ብሎ «ደህና ነኝ» ቢል፣ እርስዎን ውሸታም ማድረግ እንዳይሆንብኝ ብዬ ነው።

እናትዎ፣ እህቴ ሻርባኑ ስታርፍ፣ ገና ጥርስ ሳያወጡ ተቀብዬ ያሳደግኩዎ አክስትዎ ኩልፓሽ ነኝ። እስካለፈው መኸር ድረስ «ቶቃሽ» እያልኩ ስጠራዎ ኖሬአለሁ። ከእንግዲህ ግን አንቱ ማለቱን መርጫለሁ፤ የማያውቀንን ሰው አንተ ማለት በእኛ ዘንድ ነውር ነውና። ምስጋናዬን በተራ አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ ባለፈው በጋ ከነባልደረቦችዎ ቤታችን ድረስ መጥተው ስላከበሩን አመሰግናለሁ። ባለቤቴ ኦሪንባይ በግ አርዶ፣ በእኛ ወግ ለከበረ ሰው የሚቀርበውን ጭንቅላቱን በእርስዎ ፊት አኖረ። በልጅነትዎ ከዚያ ማዕድ የሚደርስዎ ጆሮው ብቻ ነበርና፣ የክብር እንግዳ ሆነው ሲያይዎ ዓይኑ እንባ አቀረረ። እርስዎም የፈረስ ወተት ኩሚስዎን እየጠጡ፣ «አክስቴ፣ ይህቺ ሳተላይት እኮ እንደሌሎቹ ሰማዩን አቋርጣ የምትሄድ አይደለችም። ከምድር ጋር እኩል ስለምትዞር፣ በደቡብ በኩል አንድ ቦታ እንደተቸነከረች ትኖራለች። ስልክ በይው ቴሌቪዥን፣ ለገጠሩ ሁሉ ከእሷ ነው የሚመጣው» አሉኝ። ኦሪንባይ «እሷስ ትቁም፤ ተሸክሟት የሚወጣው ነገር የት ሊወድቅ ነው?» ብሎ ቢጠይቅዎ፣ «ሮኬቱማ የአንድ ጊዜ ዕቃ ነው፣ አባባ፤ ነዳጁን ሲጨርስ ቁራጩ እናንተ ሜዳ ላይ ይጣላል። ግን እናንተ ሳትሰሙ አንድም ሮኬት አይነሳም። እኔ እያለሁ?» ብለው ደረትዎን መቱ። ጎረቤቶቻችን አጨበጨቡ። እኔም ኮራሁ፤ እንድኮራ ማንም አላስገደደኝም።

ሁለተኛ፣ ያን ቃልዎን በግማሽ ስለጠበቁልን አመሰግናለሁ። ፖሊስ መጥቶ «ነገ ሮኬት ይተኮሳል» ስላለን፣ ከብቶቻችንን ነድተን ከኮረብታው ማዶ ሸሸን። ተራዘመ ሲባል ተመለስን። ከዚያ ወዲያ ግን የነገረን የለም። አንድ ቀን ኦሪንባይ ፈረሶቹን ሊያይ በጠዋት ወጣ፤ ቀትር ላይ ሰማዩ ሲያጓራ እኔ የወተት ባልዲ ይዤ ደጅ ቆሜ ነበር። ቁራጩ ከወደቀበት ከሜዳው ማዶ ብርቱካናማ የነዳጅ ጭስ ተነሣ። ነፋሱ ጭሱን ወደ ፈረሶቹ ሲነዳው፣ ኦሪንባይ እነሱን ላስወጣ ብሎ ገባበት። ጎረቤታችን ዠኒስ በመኪና አምጥቶ ሲያወርደው ዓይኖቹ አብጠው ትንፋሹ እንደ ወናፍ ይጮህ ነበር። ሐኪም ልጥራ ብዬ ስልኬን ይዤ ኮረብታው ላይ ሮጥኩ፤ ኔትወርክ የለም። ለገጠሩ ስልክ የምታመጣው ሳተላይት ከራሴ በላይ አልፋ በወጣችበት ቀን፣ እኔ ከሥሯ ስልኬን ወደ ሰማይ ዘርግቼ ቆምኩ። ይህን የመሰለ ዕድል የገጠመው ሰው ብዙ አይመስለኝምና ክብረት ይስጥልኝ።

ሦስተኛ፣ ዠኒስ በመኪናው ባደረሰን የከተማው ሆስፒታል ከኦሪንባይ አልጋ አጠገብ ተቀምጬ ሳለሁ በቴሌቪዥን ብቅ ብለው ስለጠየቁን አመሰግናለሁ። መልክዎ ጥርት ብሎ ይታይ ነበር። «ቁራጩ የወደቀው ሰው በማይኖርበት ስፍራ ነው» አሉ። ኦሪንባይ ያበጠ ዓይኑን እንደምንም ገልጦ አየዎና፣ «ልጁ ከስቷል፤ የሚያበስልለትም የለ» አለኝ።

አራተኛውን ምስጋና የምገልጽበት ቃል ቸግሮኛል። የላኳቸው ሁለት ጨዋ ሰዎች ብርቱካን ይዘው መጥተው፣ «በዚያ ቀን ሜዳው ላይ አልነበርኩም» የሚል ወረቀት ለባለቤቴ አቀረቡለት። «ኦሪንባይ፣ እንዳትፈርም!» ብዬ እጁን ያዝኩት። «ተይ እባክሽ! በእኔ ሰበብ የልጁ እንጀራ ይቋረጥ? እኔ እንደሆንኩ አርጅቻለሁ» ብሎ እጁን ከእጄ አላቀቀና ፈረመ። ጭሱ ውስጥ እንዳልነበረ በፊርማው ስላረጋገጠ፣ ሐኪሞቹ ሕመሙን የእርጅና ነው ብለው ሸኙን። አሁን ፈረስ ላይ መውጣት ቀርቶ ደጃፉ ድረስ ሲደርስ ትንፋሹ ያጥረዋል። መኪና በመንገዱ ባለፈ ቁጥር ግን «እስቲ እዪ፣ ቶቃሽ ይሆናል» ይለኛል። ወጥቼ አይቼ እመለሳለሁ። ምን ብዬ እንደምመልስለት እርስዎ የተማሩ ነዎትና ቢመክሩኝ።

ክቡር ሆይ፣ እኔ አልፈረምኩም። ስለዚህ ከሁለታችን እስካሁን ቆስቡላቅ ውስጥ በሕግ ያለሁት እኔ ነኝ፤ ይህንንም በጋዜጣ የማወጣው ባለቤቴ ሳያውቅ ነው፤ ቢያውቅ ስለ እርስዎ ሲል ይከለክለኛል። የምለምንዎ አንድ ነገር ነው፤ የለም ባሉበት አፍዎ፣ በዚያው ቴሌቪዥን፣ «ነበረ» ይበሉልኝ። ሐኪሞቹ የእርስዎን ቃል ያምናሉ። እሱም ያምንዎታል፤ ከሁሉም በላይ የሚያስለቅሰኝ ይኸው ነው።

የሚያስወነጭፉት ሁሉ ሰማይ እንዲደርስልዎ፣ የሚጥሉት ሁሉ ግን ዞር ብለው እንዲያዩት እየተመኘሁ፣ ከታላቅ አክብሮት ጋር እጅ እነሣለሁ።

በሌለችው መንደር የምትኖረው
ኩልፓሽ

ማስታወሻ፦ ሰዎችዎ ትልልቁን ብረት ለቅመው ሲሄዱ አንዱን ረስተውታል፤ የእናትዎን መቃብር አጥር ሰብሮ ተጋድሟል። ስለዚያች ቦታ እንኳ አልከራከርዎትም፤ እዚያ በእርግጥ የሚኖር ሰው የለም።