የፒክአፑ ኳኳታ

ይድረስ ለምወድሽ ልጄ። ሰላምታዬ ካለሽበት ያግኝሽ፤ እኛ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነን።

ባለፈው ሳምንት አትክልት ነጋዴው ፒክአፑን አምጥቶ «ሲነሳ ከስር ይንኳኳል» አለኝ። ነድቼ አየሁትና «ምንም የለውም» ብዬ መለስኩት። በማግስቱ ፊቱ ቀልቶ መጣ። «ጋሼ፣ ሰፈር ሁሉ የሚሰማውን እርስዎ እንዴት አጡት?»

ይሄኔ እናትሽ የምትከትፈውን ሽንኩርት ጥላ፣ ሽርጧን እንኳ ሳትፈታ ጋቢና ገባች። እኔ ስነዳ እሷ መኪናው ኳ ባለ ቁጥር ጉልበቴን መታ ታደርገኛለች። ማርሽ ሳስገባ መታ፣ ነዳጅ ስሰጥ መታ። «በቃ፣ ክሮቼራው ነው!» አልኳት። ከስር ገብቼ ወደ ኋላ ጎማ የሚሄደውን ዘንግ መገጣጠሚያ በእጄ ባወዛውዘው እንደ ሽማግሌ ጥርስ ተነቃነቀ። ቀየርኩለት፤ ነጋዴውም ከመኪናው ሳይወርድ መርቆኝ ሄደ። ምን ብሎ እንደመረቀኝ የነገረችኝ እናትሽ ናት።

እሷን የሰጠኝ ይመስገን። አሁን የሚጠገን መኪና ሁሉ ላይ አብራኝ ትወጣለች፤ «ሙሽሮቹ» ተብለንልሻል።

ስትደውዪ ስልኩን ቶሎ ለእናትሽ የማቀብለው ሳትናፍቂኝ ቀርተሽ አይደለም። ለእኔ ግን ጻፊልኝ። ደብዳቤሽን ሳነብ ድምፅሽ ቁልጭ ብሎ ይመጣልኛል።

መንገድሽን ሁሉ ያቅናልሽ።

ናፋቂሽ አባትሽ