ወደ ፊት የተሳበው ወንበር

ጥቅምት 22፣ ደብረ ማርቆስ

ጠዋት መኪናዬ ውስጥ ስገባ ጉልበቴ ከመሪው ጋር ተጋጨ። ወንበሩ ወደ ፊት ተስቧል። ከእኔ በቀር የሚነዳት የለም። የኋላው ወንበር ጠላ ይሸታል። ባለቤቴ ትናንት፣ እኔ ለቅሶ ስደርስ፣ የማርያም ማኅበሯን ጠላ ይጁቤ ከተማ ያደረሰችው በሚኒባስ እንደሆነ ነግራኝ ነበር።

«መኪናዋን ማን ነዳት?» አልኳት።

«እርስዎ ደግሞ! የማርያምን ጠላ የጫነ ሰው ክፉ ያገኘዋል እንዴ?»

እሷ መንዳት አትችልም፤ የነዳችው ማርታ ናት ማለት ነው። የመጨረሻ ልጃችን ገና አሥራ ስድስት ዓመቷ ነው፤ መንጃ ፈቃድ የላትም። ሰው ብትገጭ፣ መኪናዋ የእኔ ስለሆነች እኔም በሕግ እጠየቃለሁ። ይህን ለሁለቱም ሳስረዳ ማርታ ቀስ ብላ፣ «አባባ፣ ፍሬኑን ለመካኒክ ያሳዩት፤ ቁልቁለት ላይ ዘግይቶ ነው የሚይዘው» አለችኝ።

«ከፊትሽ ሰው ነበር?»

እናቷን አየች።