ከሻይ በፊት የሚጠፋ ፎቶ

ይድረስ እንደ ወንድሜ ለማይህ የሥራ ባልደረባዬ፣

እዚህ ፖስትካርድ ላይ ያለውን ሐይቅ አላየሁትም፤ የገዛሁት ሌላ ስላልነበረ ነው። ያየሁት ለሥራ የመጣሁበትን መሥሪያ ቤት የሰርቨር ክፍል ነው። ኃላፊዋ እናት የሚሆኑን ሴት ናቸው፤ ሠራተኛው ሁሉ "እትዬ" ይላቸዋል። ጠዋት ሹራባቸውን ደርበው ይገቡና ሰርቨሩ ላይ ካለው ፋይል አንዱን ያጠፋሉ። ከመጠባበቂያው ቅጂ፣ ከባክአፑ፣ እስኪመልሱት ድረስ ሻይ አይቀምሱም። ትናንት ያጠፉት የሟች ባላቸውን ፎቶ ነበር።

"እትዬ፣ ምን ነካዎት? የሚሰርዙት የማይረባ ፋይል አጥተው ነው?" አልኳቸው።

"በማይረባ ፋይልማ ማን ይጨነቃል ብለህ ነው?" አሉኝ ዓይናቸውን ከስክሪኑ ሳይነቅሉ። "ባይመለስም ምንም አይመስልህ። ነገ አየዋለሁ ትልና ትረሳዋለህ።"

ከአራት ደቂቃ በኋላ ሟቹ ከነባርኔጣቸው ስክሪኑ ላይ ብቅ አሉ። እትዬም ሻይ አዘዙ።

እኛ ቢሮ በየማለዳው "ባክአፑ ተሳክቷል" የሚል ኢሜይል ይመጣል፤ እሰየው ብለን ወደ ሻይ እንሮጣለን። በሦስት ዓመት ውስጥ አንድ ፋይል እንኳ መልሰን አናውቅም።

ቦታው እያለቀብኝ ነው። ባለቤትህንና እናትህን ሰላም በልልኝ፤ ትንሿን ልጅህንም ጉንጯን ሳምልኝ። የልደቷን ፎቶዎች የቢሯችን ሰርቨር ላይ ብቻ እንዳስቀመጥካቸው አውቃለሁ። እስቲ አንዱን አጥፋና መልሰው። እጅህ እምቢ ካለህ፣ ያንን ኢሜይል አንተም አታምነውም ማለት ነው።