የአስተያየት ሣጥኑ ቁልፍ

ለችኩሏ የልጅ ልጄ፣

እንደምን ከርመሻል? ጤናሽስ? እግርሽስ፣ ወገብሽስ? እኔ አያትሽ ጉልበቴ ጠዋት ጠዋት ከማጉረምረሙ በቀር ደህና ነኝ። የቀሩኝ ጥርሶች ሦስት ናቸው። እነሱም እንደ መሥሪያ ቤታችን ሆነዋል፤ አንዱ ይሠራል፣ ሁለቱ ይቆጣጠሩታል።

ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ አነበብሁት። መጀመሪያ ሳቅሁ፣ ቀጥሎ ተናደድሁ። ሦስት ዓመት ሙሉ የደሞዝ ጭማሪ ስትጠብቁ ድርጅቱ ኮፍያ ይዞላችሁ መጣ አልሽ፤ «አንድ ቤተሰብ ነን» የሚል። ለእኛ የታደለን ካናቴራ ነበር። አንዴ ሲታጠብ «ቤተሰብ» የምትለዋ ለቀቀች። ስለ ትርፍ ሰዓትሽ ስትጠይቂ «ትንሽ የሥራ ፍቅር ይኑርሽ» ያለሽ አለቃ፣ እስቲ ያን ፍቅር ይዞ የቤት ኪራይሽን ይክፈልልሽ። የሕክምና ካርዱም ራስ ምታት ያክማል እንጂ ወገብ አያውቅም አልሽ። ካርቶን በራስ የሚነሳ መስሏቸው ይሆናል።

ከሁሉ ያንገበገበኝ ግን የወንበሩ ነገር ነው። ማሸጊያ ክፍል አጠገብሽ የምትሠራ አንዲት «ጓደኛሽ» ሰሞኑን ስምንት ሰዓት መቆም አቅቷታል። ወንበር ይፈቀድላት ብትዪ ካቦው «ወንበር የአለቃ ነው» ብሎ ሳቀባችሁ። አንቺም ጽፈሽ፣ ክሊኒኩ በር ላይ በተሰቀለው የአስተያየት ሣጥን ከተትሽው። ይኸው ሁለት ወሩ። ከሣጥኑ በላይ «እያንዳንዱ አስተያየት ይነበባል» የሚል ስላለ መልሱን እየጠበቅሽ ነው። ጭራሽ «አባባ፣ መታገሥ ነው» ብለሽ እኔን ትመክሪኛለሽ!

ከዚህ በታች ያለውን ተቀምጠሽ አንብቢ። ወንበር ካገኘሽ ማለቴ ነው።

ያን ሣጥን የሠራሁት እኔ ነኝ።

አናጢ ክፍል ሳለሁ ነው፣ አንቺ ከመወለድሽ አንድ ዓመት በፊት። ጥሩ ኮምፔርሳቶ ነበር። ወረቀት የሚከት ሰው ጣቱን እንዳይወጋው ብዬ አፉን በእጄ ሞረድሁት። ጓጉንቸር አንጠልጥዬበት ቁልፉን ላስረክብ ወደ ሥራ አስኪያጁ ቢሮ ሄድሁ። ጸሐፊዋ ስብሰባ ላይ ናቸው አለችኝ። በሳምንቱ እሳቸውን ራሳቸውን ኮሪደር ላይ አገኘኋቸውና ቁልፉን ባሳያቸው፣ «አንተ ጋ ይቆይ፣ ስንፈልግህ እንጠራሃለን» ብለውኝ አለፉ።

እስከ ዛሬ ሊጠሩኝ ነው።

መጀመሪያ ነገሩ ቀልድ ሆነልኝ። ማን መጥቶ እንደሚጠይቀኝ ከራሴ ጋር ተወራረድሁ። ሥራ አስኪያጁ ሄዱ፣ ሌላ መጣ፣ እሱም ሄደ። ጡረታ ስወጣ የክሊራንስ ወረቀት ይዤ ከቢሮ ቢሮ ስንከራተት መዶሻውን መልስ አሉኝ፣ መላጊያውን መልስ አሉኝ፣ የጠፋች ሜትር እንኳ አስከፈሉኝ። ስለ ቁልፍ ትንፍሽ ያለ የለም። ይህን እያወራሁ ስንቱን ጡረተኛ በሳቅ ገድያለሁ መሰለሽ!

ለእናትሽ ግን አውርቼላት አላውቅም።

ሣጥኑ ገና ዓመት ሳይሞላው ማጠፊያው ላላና ልጠግነው ከፈትሁት። ከላይ የነበረችው ወረቀት የእናትሽ ጽሑፍ ናት። ያኔ አሁን አንቺ በምትቆሚበት ጠረጴዛ ላይ ታሽግ ነበር፤ አንቺን ይዛ ስድስተኛ ወሯ ነበር። የጠየቀችው አንድ ነገር ነው። ወንበር።

ወረቀቷን ይዤ ወደ አለቆቹ ልሄድ ተነሣሁ። ደግሞ «ማን ክፈት አለህ?» ቢሉኝስ አልሁ። የእርከን ዕድገቴ አንዲት ፊርማ ቀርታው ጠረጴዛቸው ላይ ነበር። እሱ ይጽደቅና እናገራለሁ ብዬ ወረቀቷን ወደ ነበረችበት መለስኋት። እናትሽም እንደ አንቺ መልስ ይመጣል ብላ ጠበቀች፤ ቆማ። ሰባተኛ ወሯ ላይ ከጠረጴዛው ሥር አንስተው ሐኪም ቤት ወሰዷት። እፍኝ የማትሞዪ ሆነሽ መጣሽ። ዕድገቴ በዚያው ሳምንት ጸደቀ።

ችኩል ያልሁሽ እኔ ነኝ። ሃያ አራት ዓመት ሙሉ «ወሯን እንኳ መጠበቅ ያቃታት!» እያልሁ ዘመድ ሁሉ አስቄብሻለሁ። እናትሽም አብራ ትስቃለች፤ እኔ ያኔ መነጽሬን እወለውላለሁ። ልጄ፣ አንቺ አልቸኮልሽም።

ቁልፉ ከዚህ ደብዳቤ ጋር በጨርቅ ተጠቅልሏል። ዝገቱን በዘይት አስለቅቄዋለሁ፣ ይሠራል። ብቻሽን እንዳትከፍቺው። ፈረቃ ሲለወጥ፣ ገቢውም ወጪውም ባለበት ክፈቺው። ማን ሰጠሽ ካሉሽ «አናጢው አያቴ» በዪ። ዕድገቴን ይሰርዙት እንግዲህ። የእናትሽ ወረቀት ከሥር ትኖራለች፤ እሷን ለማንም ሳታሳዪ አምጪልኝ። በእጄ ልስጣትና የምትለኝን ትበለኝ።

ለጓደኛሽ ደግሞ ወንበር ጀምሬያለሁ፤ ፈቀዱም አልፈቀዱም ይዤ የድርጅቱ በር ላይ እቆማለሁ። ቁመቷን ስላልነገርሽኝ በአንቺ ቁመት ቆረጥሁት። ልክ ይሆናታል ብዬ አስባለሁ።

ፈጣሪ ጉልበትሽን ያበርታ፣ ከክፉ ዓይንና ከክፉ አለቃ ይሰውርሽ። ለጓደኛሽም ወሯን ይሙላላት።

ሲያፌዝብሽ የኖረው
አያትሽ