በቤራርዶ ፈንታ መቅመስ

ማክሰኞ፣ ኦክቶበር 1

ጥፋቱ የኤርሲሊያ ነው። የባሌ ታላቅ እህት። በተጋባን ሳምንት የቤታችንን መራራ መጠጥ፣ አማሮውን፣ ከነብርጭቆው ከእጄ ላይ ነጠቀችኝ። «ሙሽሪት፣ መራራ የጠጣች ሴት ወተቷም ይመራል።» ሦስት ልጆች አጠባሁ። የመጨረሻው አርባ አራት ዓመት ሞላው። ክልከላው አበቃ ያለኝ ግን የለም። ሃምሳ አንድ ዓመት ጄንሲያና የሚባለውን መራራ ተክል ሥር አጠብኩ፣ ከተፍኩ፣ ጥፍሬ ቢጫ ሆነ። ከአማሮው ግን አንዲት ጠብታ አልቀመስኩም።

ዛሬ የዘንድሮውን በትልቁ ጠርሙስ ዘፈዘፍን። ነጭ ወይን፣ ሥሩ፣ የብርቱካን ልጣጭ፣ ትንሽ አሪቲ። ባሌ ቤራርዶ እንደ ልማዱ እያንዳንዱን ጭብጥ ወደ አፍንጫው አስጠጋ። ለምን እንደሆነ እንጃ... በፌብሩዋሪ ከያዘው ትኩሳት ወዲህ ምንም አይሸተውም። ዳቦውም ሳሙናውም አንድ ነው። አሪቲውን አንዴ ጨመረ። ቆም አለ። ደግሞ ጨመረ።

ረስቶት ይሆን? አየሁት። ዝም አልኩ።

ዓርብ፣ ኦክቶበር 4

«አማሮው አርባ ቀን ሲሞላው አንቺ ነሽ የምትቀምሺው» አለኝ ቤራርዶ።

«እኔ?»

«እኔማ ውሃ ነው የሚመስለኝ።»

«እህትህን ጥራ።»

«የሷ ምላስ የተሠራው ለሐሜት ነው።»

ሳቀ። ከፌብሩዋሪ ወዲህ የመጀመሪያው ሳቁ መሰለኝ። ቀጥሎ ግን፣ ዘንድሮ ከተበላሸ ጠርሙሱን ለጎረቤት እሰጠዋለሁ፣ በቃኝ አለ። የአያቱን ጠርሙስ! ሰውየው ከሱሪው ውስጥ እያለቀ ነው። ካልጮህኩበት አይበላም። ይሄም ከቀረበት ለምን ብሎ ይነሳል ጠዋት?

ቅዳሜ፣ ኦክቶበር 12

ባለባሯ ደልፊና ጋ ሄድኩ። «አማሮ መቅመስ አስተምሪኝ» አልኳት። ሦስት ትንንሽ ብርጭቆ ደረደረችልኝ።

«እንደ ሳል ሽሮፕ አትዋጪው እንጂ! አፍሽ ውስጥ ይቆይ።»

አንዱ ፋርማሲ ፋርማሲ አለኝ። ሁለተኛው ከደቡብ የመጣ ነው፣ ደጁ ላይ ስኳር፣ ጓዳው ውስጥ መርዝ። ሦስተኛው ከአርቲቾክ ቅጠል ነው አለች። አትክልት ይጠጣል?

«እህስ፣ እትዬ ፓልሚራ?»

«ሦስቱም ይመራሉ።»

«ይሄንንማ ድመቴም ትነግረኛለች።»

እሑድ፣ ኦክቶበር 13

ዛሬም ሄድኩ። ምሬቱ ከኋላ ነው የሚጠብቀው። ከፊቱ ሌላ ነገር አለ። ስሙን አላውቀውም።

እሑድ፣ ኦክቶበር 27

ኤርሲሊያ ምሳ መጣች። ገና ሳትቀመጥ «በስተርጅና ባር መዋል ጀመርሽ አሉ።»

«አዎ። ወተቴ እንዳይመር ፈርተሽ ነው?»

ያጠራቀምኩት ሁሉ ሊወጣ ነበር። እሷ ግን ሹካዋን አስቀመጠች። «እኔም እኮ ቀምሼ አላውቅም» አለች። «እናቴ ናት እንዲህ ያለችኝ።»

ሰማንያ ሦስት ዓመቷ ነው። ይሄን ሁሉ ዓመት የያዝኩትን ቂም አሁን ምን ላድርገው? ... ኬክ ደገምኳት።

ቅዳሜ፣ ኖቬምበር 9

አርባኛው ቀን። ቤራርዶ ቀዳልኝ። ዓይኑን አፌ ላይ ተከለ። ቀመስኩ። አሪቲው ጉሮሮዬን አንቆ ያዘኝ።

«ጥሩ ነው» አልኩ።

ብርጭቆውን ከእጄ ወሰደ። «ፓልሚራ፣ በሃምሳ አንድ ዓመት ውስጥ አንድ ነገር ጥሩ ነው ብለሽ አታውቂም። የሰርጋችንን በግ እንኳ ደርቋል ነው ያልሽው።»

«ደርቆ ነበራ።»

«እኮ። ይሄስ?»

«አሪቲው በዝቷል። ሁለት ጊዜ ጨመርክ።»

«አየሽኝ?»

«አየሁህ።»

«አይተሽ ዝም አልሽ!»

ወጥቶ ዶሮዎቹ ጋ ተቀመጠ። ምሳ አልበላም። አዝኜለት ነበር ዝም ያልኩት። ያ ማዘኔ ነው ጠርሙሱን ያበላሸው።

እሑድ፣ ኖቬምበር 10

ቤተ ክርስቲያን አልሄድኩም። ከምድር ቤት አዲስ ወይን አወጣሁ። አሪቲውን ላቀጥን ከጠርሙሱ ግማሹን ቀዳሁ።

«ምን እያደረግሽ ነው? በአባቴ ቤት ከአርባ ቀን በኋላ አይነካም!»

«አባትህ አፍንጫ ነበራቸው።»

ልቆጣ አልቆጣ ብሎ ቆመ። ከዚያ ማንኪያውን አመጣ። እሱ እየለካ፣ እኔ እየቀመስኩ። ወይን ጨመርን። ቀመስኩ። «ትንሽ ሻካራ ነው» አልኩት። ደግሞ ጨመርን። «አሁን ክብ እየሆነ ነው።»

«ሲለሰልስ ክብ የምለው እኔ ነኝ» አለ። «የራሴን ቃል መልሰሽ አትስጪኝ። ሃምሳ ዓመት ሰምቼዋለሁ። ላንቺ ምን ምን ይልሻል?»

እንደገና ቀመስኩ። እንዲህ ብሎ የጠየቀኝ ሰው ኖሮ አያውቅም።

ሐሙስ፣ ኖቬምበር 14

ሾርባውን ጠጣ። ሳልጮህበት።

እሑድ፣ ኖቬምበር 24

አጠለልነው። ስኳሩ ገባ። ከምሳ በኋላ ቀዳልኝ፣ ለራሱም ቀዳ። እኔ መጀመሪያ ቀመስኩ። አፌ ውስጥ አቆየሁት። እሱም አልቸኮለም።

«ዝናብ ካባራ በኋላ ድንች የቆፈርኩ ይመስለኛል» አልኩት። «አፈሩ እጄ ላይ እንዳለ ብርቱካን የላጥኩ። መጨረሻው ይመራል... ግን የተጣላን ቀን፣ ንዴቱ ከወጣልኝ በኋላ፣ አጠገቤ ዝም ብለህ ስትቀመጥ እንዳለው ነው።»

ዓይኑን ጨፈነ። ከብርጭቆው ጎንጨት አለ። ጉንጩ ተንቀሳቀሰ፣ እንደሚያጣጥም ሰው።

«ጨምሪልኝ።»

«አማሮውን ነው?»

«ወሬውን።»

ጨመርኩለት። አዲስ የታጨደ ሣር አልኩት፣ የከብት በረት፣ በክርስትና ቀን የልጃችን አንገት። በረቱ ላይ ሳቀ። ዳቦ ቆርሶ በላ። ለሚቀጥለው ዓመት ሥሩን ከየት እንደምንቆፍር ማውራት ጀመረ።

እኔ ደግሞ፣ ከእንግዲህ እሱ ቢሆን ምን ይል ነበር ብዬ አልቀምስም።