አርባ ገጽ በቃሌ

መስከረም ፲፪ ቀን፣ ፍኖተ ሰላም

ይድረስ ለምወድሽ ለእታለም፣

እንደምን ሰንብተሽልኛል? ጤናሽስ? ቡሬ ዘንድሮ ዝናቡ በርትቷል አሉ፤ የስፌት ቤትሽ ጣሪያ ዳግመኛ አላፈሰሰም? እኔም፣ እማማም፣ አባባም እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነን። ስልክ ልደውል አስቤ ነበር፤ ግን የምናዘዘው ነገር ስላለኝ በጽሑፍ ይሻላል አልኩ።

ሰኔ ላይ የእንግሊዝኛ አስተማሪያችን መምህር ቴዎፍሎስ አንድ ወፍራም ልቦለድ ሰጡንና፣ ክረምቱን አንብባችሁ መስከረም ላይ ትፈተናላችሁ፣ ያለፈ አሥራ አንደኛ ክፍል ላይ ከፍተኛውን እንግሊዝኛ ይማራል፣ የወደቀ በቃው አሉ። ታውቂኛለሽ፣ ከዚያ ክፍል ከቀረሁ የምሞት ነው የመሰለኝ።

ክረምቱን ለማሳለፍ እቤት ገበዝ ማርያም ስገባ አባባ መጽሐፉን አገላብጠው አዩና፣ እኛ የቆሎ ተማሪ ሳለን መጀመሪያ ንባቡን ነበር የምናጸናው፣ ትርጓሜው ኋላ ይመጣል አሉኝ። እኔ ሞኟ እሺ አልኩ! በየቀኑ ከሰዓት እኔ ሳነበንብ እሳቸው ጭራቸውን እያወዛወዙ ይሰማሉ። የእንግሊዝኛውን ፊደል አያውቁትም፤ ግን ከትናንቱ አንድ ቃል ከዘለልኩ ወዲያው፣ ተይ ተመለሺ፣ ይሉኛል። ፍልሰታ ሲፈታ አርባ ገጽ በቃሌ ይዣለሁ።

ከዚያ የክፍሌ ልጅ አምለሰት ልትጠይቀኝ መጥታ ታሪኩ ስለምንድን ነው አለችኝ። እታለም፣ አንዲት መርከብ አለች ከማለት በቀር የማውቀው አልነበረም። እሷ ስትሄድ አለቀስኩ። አባባ ግን ምንም አልመሰላቸው፤ ታዲያ አሁን ትርጓሜውን እንጀምራ አሉ።

መዝገበ ቃላት ይዤ፣ እያነበብኩ ባማርኛ እነግራቸው ጀመር። ለካ ታሪኩ አባቷ የመረጠላትን ባል አላገባም ብላ ከቤት ስለወጣች ልጅ ነው። አንቺ እንዲሁ ከወጣሽ ሦስት ዓመት ሙሉ ስምሽ እቤታችን ተጠርቶ አያውቅማ፤ ደነገጥኩና ገጹን ዘልዬ ላልፍ ስል፣ ተይ ተመለሺ፣ አሉኝ። ለካ ንባቡን እሳቸውም ይዘውታል! ምን ላድርግ፣ ተረጎምኩት። ልጅቷ ስትወጣ አባትየው መስኮቱ ጋ ቆሞ እያያት አልጠራትም። አባባ ጋቢያቸውን ትተው ዝናብ ውስጥ ወጡ። በማግሥቱ ያንኑ ገጽ ድገሚልኝ አሉ። በሦስተኛውም ቀን እንዲሁ። እንዲህ እንዲህ ስንል መጽሐፉ ሳያልቅ ፈተናው ደረሰ።

ጥያቄው አንድ ብቻ ነበር፤ በታሪኩ ውስጥ ከሁሉ የተጎዳው ማነው፣ ለምን? ሌሎቹ ከመጨረሻው እየጠቀሱ ጻፉ። እኔ መጨረሻውን የት አውቄው! ስለ አባትየው ጻፍኩ፤ የጻፍኩት ግን የኛን አባባ ነው፣ አንቺንም ጨምሬ። ዝናብ ውስጥ መውጣታቸውን፣ ገጹን ማስደገማቸውን፣ ሁሉንም። ኑዛዜዬ ይኸው ነው፤ ሳላስፈቅድሽ ስላደረግሁት ይቅር በይኝ። አለፍኩ። መምህር ቴዎፍሎስ ወረቀቱን ሲመልሱልኝ፣ እኒህ አባት መጽሐፉ ውስጥ የሉም፣ እኔ ግን አምኛቸዋለሁ አሉኝ።

እቤት ሄጄ ማለፌን ስነግራቸው አባባ መረቁኝ። ቀጥለው፣ ያቺ ልጅ ኋላ ትመለሳለች ወይ አሉኝ። እዚያ አልደረስኩም አልኳቸው። ለመስቀል ሙክት ገዝተዋል። ለሦስት ሰው ይኼ ሁሉ ምን ያደርጋል ብላቸው፣ ደብዳቤ የምትጽፊለት ሰው ካለ ትልቅነቱን ንገሪ አሉኝ፣ ፊታቸውን ወደ በጉ አዙረው።

ይኸው ነገርኩሽ። በጣም ትልቅ ነው።

እጅሽን ከመርፌ፣ መንገድሽን ከክፉ ይጠብቅልኝ።

ታናሽ እህትሽ