«ልጸልይበት» ያልኩሽ ጊዜ

ውዴ አስካለ፣

ከተለየሽኝ ሦስት ዓመት ከአምስት ወር ሆነ። ቤታችን ያው ቼሪ መንገድ ላይ ያለው ነው፤ ሶፋሽ ግን ወጥቶ በቦታው አሮጌ ፒያኖ ገብቷል። የልጃችን የሊዲያ ነው። ኦፔራ ዘፋኝ ሆናለች። ዘፋኝ ስልሽ እንዳትደነግጪ፣ የጭፈራው ዓይነት አይደለም፤ ያለ ማይክራፎን ቆመው በጣልያንኛ የሚያዜሙት ነው። ድምፅዋን ሶፕራኖ ይሉታል፣ ከሴት ድምፅ ሁሉ ከፍተኛው ማለት ነው።

ባለፈው ወር ለመጀመሪያ ጊዜ ትልቅ ቦታ ሰጥተዋት መድረክ ላይ አየኋት። ሲያበቃ ሕዝቡ ብድግ ብሎ አጨበጨበ። እኔ እጄን ጉልበቴ ላይ አድርጌ ተቀመጥኩ። አስተማሪዋ፣ አንዲት ሽበታም አሜሪካዊት፣ ሮጣ አቀፈቻት። እኔ ፊት አልቅሳ የማታውቀው ልጅ እሷ ትከሻ ላይ አለቀሰች። አስኩዬ፣ ቀናሁ። ስንት ዓመት በዝናብ በአውቶቡስ ወደ ድምፅ ትምህርቷ ያመላለስኳት እኔ፣ እንባዋን ያገኘችው ሌላ ሰው!

አሁን ኒው ዮርክ ለሁለት ዓመት ሥልጠና ተቀብለዋታል። ሃያ ሁለት ዓመቷ ነው፤ በዚህ በአሜሪካ ደንብ የእኔ ፈቃድ አያስፈልጋትም። እሷ ግን «አንተ እሺ ካላልክ አልሄድም» አለችኝ። «ልጸልይበት» አልኳት። ሦስት ሳምንት አለፈ። ትናንት የሥራ ሸሚዜን ስተኩስ መጣችና፣ «ሶ፣ አባዬ፣ እግዚአብሔር እስካሁን ኮል ባክ አላደረገልህም፣ መልሶ አልደወለልህም? እስከ ዓርብ መልስ መስጠት አለብኝ» አለችኝ።

«በእግዚአብሔር አትቀልጂ!» ብዬ ጮህኩባት።

«በእሱ አይደለም የቀለድኩት» ብላኝ ወጣች።

እውነቷን ነው፤ ስለዚህ ነገር አንድ ቀን እንኳ አልተንበረከክሁም ነበርና። ያኔ ነው አንቺ ትዝ ያልሽኝ።

በተጋባን በዓመቱ፣ አብረሻቸው የምትዘምሪው የቤተ ክርስቲያናችን መዘምራን አዋሳ ለአገልግሎት ሲሄዱ «አብሬ ልሂድ ወይ?» ብለሽ ጠየቅሽኝ። «ልጸልይበት» አልኩሽ። ቀሚስሽን አጥበሽ፣ ተኩሰሽ ጠበቅሽ። እኔ ዝም እንዳልኩ መኪናው ሄደ። ከዚያ ወዲህ ከመዘምራኑ ቀረሽ፤ ዳግመኛም አልጠየቅሽኝ። እግዚአብሔር የከለከለሽ መስሎሽ ነው። እሱ አልከለከለሽም፤ መች ጠየቅሁትና! ዐይንሽን ጨፍነሽ ስትዘምሪ ሰው ሁሉ አንቺን ያያል፣ አንቺ እኔን አታዪኝም። ያንን መቻል አቃተኝ። ይህን ሳልነግርሽ ቀበርኩሽ።

ዛሬ ጠዋት ለሊዲያ ሁሉንም ነገርኳትና «ሂጂ» አልኳት።

«እማዬ ታውቅ ነበር?» አለችኝ።

«አታውቅም።»

አላቀፈችኝም። ክፍሏ ገብታ ዘጋችው። ይህን ስጽፍልሽ ለአስተማሪዋ በስልክ ስታበስራት በግድግዳው በኩል ይሰማኛል፤ እየሳቀች ነው። አልዋሽሽም፣ አሁንም እቀናለሁ። ግን ሂጂ ብያታለሁ፤ ቃሌን አላጥፍባትም።

ቤተ ክርስቲያን ሰዎች ስለ አንቺ ሲጠይቁኝ «ዝምተኛ ነበረች» እያልኩ ኖሬአለሁ። ከእንግዲህ እንደዚያ አላስታውስሽም። ዘማሪ ነበረች፣ ዝም ያሰኘኋት እኔ ነኝ እላለሁ፤ እስትንፋሴ እስካለ ድረስ።

ባልሽ ታደሰ